መጨረሻ የጣላት መቼ ነው?

ከኢስታንቡል ከተመለስኩ ወራት አልፈዋል። አሁንም ሰው ሲያገኘኝ "ጉባኤው እንዴት ነበር?" ይለኛል። እኔም ስለ ራሰ በራዎቹ አወራለሁ።

ወሬው እውነት ነው። ያስቃልም። ኢስታንቡል ኤርፖርት ውስጥ ግንባራቸው ላይ ጥቁር ማሰሪያ ያሰሩ፣ አናታቸው በቀይ ነጠብጣብ የተሞላ ወንዶች በሽ ናቸው። ፀጉር አስተክለው ወደየአገራቸው የሚመለሱ ናቸው። አንዱ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። አናቱን ምንም እንዳይነካበት አንገቱን ቀጥ አድርጎ፣ ልክ እንደ ሙሽራ፣ ግራና ቀኝ ሳይዞር ሁለት ሰዓት ቆየ። ይህን ቡና ላይ ስናገር ሁሉም ይስቃል። ባሕር ዳር ያሉ ጓደኞቼ ደግሞ አናታቸውን እየዳበሱ ዋጋውን ይጠይቁኛል።

ከዚያ ወሬው ወደ ኑሮ ውድነት ይዞራል። እኔም ዋናውን ሳልናገር አመልጣለሁ። ዋናው ነገር አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። አንድ ጥያቄና አንድ መልስ ነው። መልሱ የእኔ ነበር። ውሸት ነበር።

## ስምንት ደቂቃ

የፕላስቲክ ቀዶ ሐኪም ነኝ። ጎጃም ተወልጄ፣ አዲስ አበባ ስፔሻላይዝ አድርጌ፣ ተመልሼ ባሕር ዳር የምሠራ። ሙያዬን ለዘመድ ማስረዳት ሁልጊዜ ፈተና ነው። እናቴ ለብዙ ጊዜ ሰው ውስጥ ፕላስቲክ የምከት ይመስላት ነበር። አንድ አጎቴማ ለቅሶ ቤት ውስጥ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ "የሃይላንዱ ሐኪም" ብሎ አስተዋወቀኝ። ቃሉ ከግሪክ የመጣ ነው፣ ቅርጽ ማውጣት ማለት ነው፣ እንደ ሸክላ ሠሪ አስቡኝ ብዬ ለማስረዳት ሞከርኩ። ሸክላ ሠሪ የሚለው ቃል ደግሞ በእኛ አገር ምን ምን እንደሚያስከትል ታውቃላችሁ። ተውኩት። ሃይላንድ ይሻላል።

ግንቦት ላይ ከጉባኤው አዘጋጆች ኢሜይል መጣ። የላክሁት ጥናት አልፏል። ስምንት ደቂቃ ንግግር፣ ሁለት ደቂቃ ጥያቄ። ርዕሴ የተቃጠለ አንገት ነበር። አንገት በእሳት ሲቃጠል ጠባሳው ቀስ በቀስ እየተኮማተረ አገጭን ወደ ደረት ይጎትታል። በሙያው ኮንትራክቸር እንለዋለን። ሀብታም አገር ውስጥ እንዲህ የከፋው እምብዛም አይታይም። ቃጠሎው ገና ትኩስ እያለ የሞተውን ቆዳ ቆርጠው በሌላ ቆዳ ይሸፍኑታል። እኛ ጋ ታማሚው የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፣ አገጩ ደረቱ ላይ ካረፈ በኋላ።

ደስታዬን አልደብቅም። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን ነው። የእኛ ሙያ ሰው የሚያልማት ጥሬ ስቶክሆልም ናት። እ.ኤ.አ. በ1955 እዚያ በተካሄደው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ጉባኤ ላይ፣ ራልፍ ሚላርድ የሚባል አሜሪካዊ የተሰነጠቀ ከንፈር የሚጠገንበትን አዲስ መንገድ አቀረበ። ኮሪያ ውስጥ የወታደር ሐኪም ሆኖ ሳለ የደረሰበት ዘዴ ነው። ዛሬ እኔ ባሕር ዳር ላይ የሕፃን ከንፈር ስሰፋ እጄ የሚሄደው እሱ ባሰመረው መስመር ነው። እንግዲህ ማታ ማታ፣ ሰው ሲተኛ፣ ራሴን ስቶክሆልም ላይ አየሁት ብላችሁ አትሳቁብኝ።

ቤት ውስጥ ስለማመድ ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች በስልኳ ሰዓት ትይዝልኛለች። የመጀመሪያው ቀን አሥራ አንድ ደቂቃ ፈጀሁ። ሦስት ደቂቃ መውጣት አለበት። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ስላይዶቹን አየና "ታሪኩን ቀንሰው፤ እነሱ የሚፈልጉት ሥራውን ነው" አለኝ። እውነቱን ነው አልኩ። ቀነስኩት። ልጅቷ እንዴት እሳት ላይ እንደወደቀች የሚናገረው ክፍል እንዳለ ወጣ። በቦታው አንድ መስመር ቀረ፦ "የ19 ዓመት ሴት፣ የሚጥል በሽታ ያለባት፣ ምድጃ ላይ ወድቃ።" ስምንት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ። ባለቤቴ "አሁን ገባልህ" አለችና ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጨመረችው።

## ቀና በይ

ያወጣሁትን ሦስት ደቂቃ እዚህ ላስገባው። እዚህ ጊዜህ አለቀ የሚል ቀይ መብራት የለም።

የመጣችው ከሞጣ ወዲያ ካለ ቀበሌ ነው፣ ከታላቅ ወንድሟ ጋር። ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ተከናንባለች። ነጠላው ሲነሳ አገጯ ደረቷ ላይ ነበር። የታችኛው ከንፈሯ ወደ ታች ተገልብጧል፤ ምራቋን መያዝ አትችልም። አራት ዓመት እንዲህ ኖራለች። የቆመ ሰው ፊት ለማየት ከወገቧ ወደ ኋላ መለመጥ ነበረባት። ወንድሟ "ዝናብ ይምጣ አይምጣ እኛ ነን የምንነግራት፤ ሰማይ አታይማ" አለኝ።

እንጀራ ስትጋግር ነው የጣላት። እናቷ ገበያ ሄዳለች። አንዲት ጎረቤት ግን ቤት ውስጥ ነበረች። አልነካቻትም። በሽታው የጣለውን ሰው የነካ፣ አረፋው የደረሰበት፣ እሱንም ይይዘዋል ይባላል። ይህን የማያውቅ አንባቢ ያለኝ አይመስለኝም። ሴትዮዋ ክፉ አልነበረችም። እንዲያውም ልትረዳት ብላ ነው ከቤት የወጣችው። የጣለውን ሰው ክብሪት ጭረው ያሸቱት የለ? ክብሪት ፍለጋ ሄደች። እሳት ውስጥ ላለች ልጅ ክብሪት ፍለጋ። ከእርሻ ሲመለስ ያገኛት ወንድሟ ነው። በቀሚሷ ጫፍ ጎትቶ አወጣት።

ይህን ሁሉ ሲነግረኝ እስክሪብቶ ይዤ ነበር። ካርዷ ላይ "የታወቀ የሚጥል በሽታ" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ እስክሪብቶዬን አስቀምጬ ወደ አንገቷ ተመለስኩ።

እንዲህ ያለ አንገት ላይ ከቢላው ይልቅ ማደንዘዣው ነው የሚያስፈራው። የመተንፈሻ ቱቦ በአፍ ለማስገባት አንገት ወደ ኋላ መታጠፍ አለበት። የእሷ አይታጠፍም። ሙሉ በሙሉ አስተኝተናት ቱቦው አልገባም ቢል ትንፋሿ እጃችን ላይ ያልቃል። ስለዚህ ኬታሚን ሰጠናት፣ ትንፋሽን ብዙም የማይነካ ማደንዘዣ ነው፤ ጠባሳው ውስጥ ደግሞ የሚያደነዝዝ ፈሳሽ በመርፌ ሞላን። በራሷ እየተነፈሰች ጠባሳውን ቀድሜ ከፈትኩት። የማደንዘዣ ባለሙያው ቱቦውን በእጁ ይዞ ራስጌዋ ቆሟል። እኔ በቆረጥኩ ቁጥር አገጯ በጣት ስፋት ወደ ላይ ይመጣል። እሱ ያያል። እኔ እቆርጣለሁ። ከዚያ ድንገት "በቃ፣ አሁን ይገባል" አለ። ገባ። ክፍሉ ውስጥ ትንፋሹን ያልዋጠ ሰው አልነበረም። ነርሷ ሳትቀር ወንበር ላይ ተዘረፈጠች።

የቀረው የለመድነው ሥራ ነው። ከጭኗ ሃምቢ በሚባለው የቆዳ መግፈፊያ ቢላ ስስ ቆዳ ገፈን ባዶው ቦታ ላይ ዘረጋነው፣ ሰፋነው፣ አሸግነው። በአምስተኛው ቀን ስንከፍተው ይዟል። "ቀና በይ" አልኳት። ቀና አለች። የክፍሉን ጣሪያ አየችው። እርጥበት የበላው ጣሪያ ነው፤ የሚታይ ነገር የለውም። ረጅም ጊዜ አየችው።

ፎቶውን ለትምህርት እንድጠቀምበት ፈቃዷን ስጠይቃት "የትኛውን ነው የሚያሳዩት?" አለችኝ። የፊቱንም የኋላውንም አልኳት። ትንሽ አሰበች። "የኋላውን ብቻ ያሳዩ" አለች። ፊቴ ላይ አንድ ነገር አይታ መሰለኝ፣ ወዲያው "ግድ የለም፣ ሁለቱንም" ብላ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች። እስካሁን ድረስ ያ "ግድ የለም" ፈቃድ ነበር ወይስ ይሉኝታ፣ እርግጠኛ አይደለሁም።

ስትወጣ ከፍራሽ ስፖንጅ የሠራንላትን የአንገት ድጋፍ አሰርንላት። ቢያንስ ስድስት ወር እንዳታወልቂ፣ ካወለቅሽ አዲሱ ቆዳም ይኮማተራል አልናት። ቅባቱን፣ ማሻሸቱን፣ ቀጠሮውን ነገርናት። አንገቷን በተመለከተ ያልነገርናት ነገር የለም።

## ቀይ መብራት

ጉባኤው ትልቅ ነበር። በዋናው አዳራሽ አፍንጫ፣ ጡት፣ የዐይን ቆብ ነው የሚወራው። ኮሪደሩ ላይ የሌዘርና የሲሊኮን ሻጮች ተደርድረዋል። አንዷ ሻጭ ሲሊኮኑን መዳፌ ላይ አስቀምጣ "ይጨምቁት" አለችኝ። ጨመቅኩት። "ጥሩ ነው" አልኳት። ምን ልበላት?

ቅሬታ እንዳይመስላችሁ። የሙያችን አባት የሚባለው ሃሮልድ ጊሊስ ስሙን ያገኘው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፊታቸው የፈረሰ ወታደሮችን በመጠገን ነው። ሰላም ሲሆን ግን እሱም የውበት ሥራ ሠርቷል። ሁለቱ አንድ እጅ ናቸው። ብቻ የእኔ ክፍል ፎቅ ላይ ነበር፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ። መቶ ወንበር፣ ሠላሳ ሰው።

መናገሪያው ላይ ትንሽ መብራት አለች። አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ። በአረንጓዴው ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በዓመት 180,000 ያህል ሰው በቃጠሎ ይሞታል ይላል፤ አብዛኛው እንደ እኛ ባሉ አገሮች ነው፤ ሴቶች በብዛት የሚቃጠሉት ማድ ቤት ውስጥ ነው። ይህን በአንድ ስላይድ አለፍኩት። ከዚያ ያቺ አንድ መስመር። ከዚያ ማደንዘዣው፣ ቢላው፣ ቆዳው። ከዚያ ፎቶዎቹ። የፊቱ። የኋላው። የኋላው ሲመጣ አንድ ሰው ከበስተጀርባ "ኦ!" አለ። ቢጫው ሲበራ ጨረስኩ። ተጨበጨበ። እውነቱን ልናገር፣ ስቶክሆልም ደርሼ ነበር።

የመጀመሪያው ጥያቄ ቀላል ነበር። አንድ ጎልማሳ ሐኪም ለምን በማይክሮስኮፕ የደም ሥር ገጥሜ ወፍራም ሥጋና ቆዳ እንዳላዛወርኩ ጠየቀ። ማይክሮስኮፕ የለኝም አልኩ። ሰው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ከዚያ ከሁለተኛው ረድፍ አንዲት ሴት ተነሡ። ሰባ ዓመት ይሆናቸዋል። ነጭ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ ጠቅልለዋል። ከኔፓል ነኝ አሉ። ሥራው ጥሩ ነው ብለው አመሰገኑኝና ሦስተኛውን ስላይድ እንድመልስላቸው ጠየቁ። መለስኩት። ያቺ መስመር ነች። በመነጽራቸው ጫፍ ወደ እሷ እየጠቆሙ አንድ ነገር ጠየቁኝ። አልገባኝም። ደገሙልኝ።

"ይህች ልጅ መጨረሻ የጣላት መቼ ነው? መድኃኒቷን ማን ይሰጣታል?"

ቀዩ በርቷል። የመድረኩ መሪ ሰዓቱን ያያል። አፌን ከፈትኩ። "ወደ ነርቭ ክሊኒክ ልከናታል። ክትትል ላይ ናት" አልኩ። አጥርቼ፣ ሳልንተባተብ ነው ያልኩት። "ጥሩ" ብለው ተቀመጡ።

አልላክናትም። ለመላክም አስቤ አላውቅም። ካርዷን ዛሬ ገልጬ ላሳያችሁ እችላለሁ፤ በሽታዋ ተጽፏል፣ ከሥሩ ምንም የለም።

ውሸት አዲስ ነገር አይደለም። የከነከነኝ ፍጥነቱ ነው። ሳላስበው ነው የወጣው፣ ትኩስ ነገር የነካ እጅ እንደሚሸሸው። "አላውቅም" ማለት እችል ነበር። አጭር ቃል ናት። ለተማሪዎቼ ሁልጊዜ "አላውቅም ማለት ልመዱ" እላቸዋለሁ። እዚያ መድረክ ላይ ግን አላውቅም ብል ያላወቀው እኔ ብቻ የማልሆን መሰለኝ። ስሜ ሥር የአገሬ ስም ተጽፏል። አገሬ አላወቀችም የሚሉ መሰለኝ። እንዲህ ብዬ ራሴን ላጽናና ሞክሬ ነበር። ብዙም አላዛለቀኝም። አገሬን ከመጥራቴ በፊት የፈራሁት ለራሴ ነው።

ሻይ ላይ ፈልጌ አገኘኋቸው። የሄድኩት እውነቱን ልነግራቸው ነበር። እሳቸው ቀደሙኝ። "ምድጃችሁ ምን ያህል ቁመት አለው?" አሉኝ። እጄን ቅልጥሜ ላይ አደረግሁ። "የእኛም" አሉ። ሻያቸውን ፉት አሉና፣ የአንዲት ልጅ አንገት ሁለት ጊዜ ሠርቻለሁ አሉኝ። ያው አንገት፣ ያው ልጅ፣ በሦስት ዓመት ልዩነት። በሁለተኛው ጊዜ የተቃጠለው እሳቸው የተከሉት ቆዳ ነበር። "ከዚያ ወዲህ ነው መጠየቅ የጀመርኩት" አሉ። ቢዝነስ ካርዳቸውን ሰጡኝ። እኔም የእኔን ሰጠኋቸው። እውነቱን አልነገርኳቸውም።

## የኋላው ቤት

ጉባኤ የሚለውን ቃል መጀመሪያ የሰማሁት ከሐኪም አይደለም። ልጅ ሆኜ ሁለት ዓመት ቅኔ ቤት ነበርኩ፣ ቢቸና አካባቢ። ለጎጃም ሰው ቅኔ ቤት ምን እንደሆነ አላስረዳም። ቀን ዛፍ ጥላ ሥር ቅኔ ስትቆጥር ትውላለህ። ማታ ጉባኤው ፊት ትነግራለህ። ጀማሪ በጉባኤ ቃና ነው የሚጀምረው። ሁለት ቤት ብቻ ናት። ሁለት ቤት ትቀልላለች የሚል ካለ ቆጥሮ ይሞክራት።

አንድ ማታ ጥሩ ጉባኤ ቃና ነገርኩ። ተማሪው "እሰይ" አለ። የፊቱን ቤት ራሴ ነበርኩ የቆጠርኩት። የኋላውን ግን ቀኑን ሙሉ ብለፋ እምቢ አለኝ፤ ከአንድ ከፍ ካለ ተማሪ አፍ የሰማሁትን ነገር ትንሽ ለውጬ ገጠምኩበት። የኔታ ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። ጭብጨባ የሚባል ነገር እዚያ የለም። ትንሽ ቆይተው፣ "የፊቱ ቤት የአንተ ነው" አሉኝ። "የኋላውን ሂድና ቁጠረው።" አልተቆጡም። ከሰው ፊት አላዋረዱኝም። ሌላውን ተማሪ ጠሩ።

ኢስታንቡል ሆቴል ውስጥ፣ ያን ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳኝ የመጣው የሳቸው ድምፅ ነው። ፎቶዎቹን ላፕቶፔ ላይ እየመላለስኩ አያለሁ። የፊቱ። የኋላው።

ዶክተር ሲደነግጥ ወደ ቁጥር ይሸሻል። እኔም ሸሸሁ። ፌኖባርቢታል ለሚጥል በሽታ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1912 ነው። ጊሊስ ዝነኛውን የቆዳ ቱቦ፣ ጤነኛ ቆዳን ጠቅልሎ ወደ ተጎዳው ቦታ የሚያዛውርበትን ዘዴ፣ የሠራው በ1917 ነው። ያቺን ልጅ ከእሳት ሊያርቃት የሚችለው ኪኒን ጊሊስ በዚያ ቱቦ አንድም ፊት ሳይጠግን በፊት ነበር ማለት ነው። ርካሽ ነው። ጤና ጣቢያ ይገኛል፣ ሲገኝ። ተማሪ ሳለን የተማርነው የቡታጅራ ጥናት አለ፣ እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ። ከሺህ ሰው 5.2 ላይ የሚጥል በሽታ ተገኘ ይላል። ቁጥሩን ለፈተና ሸምድጄ አሥር ከአሥር አግኝቼበታለሁ። ያን ሌሊት በስልኬ ካልኩሌተር አሰላሁት። ምሥራቅ ጎጃም በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ ከ2 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ነበረው። በዚያው ልክ ቢሆን ከ10,000 በላይ ሰው ይሆናል። ከእነዚህ ስንቶቹ ጠዋት ተነሥተው ምጣድ ይጥዳሉ? ካልኩሌተሩ እዚያ ላይ አይረዳም። ስልኩን ዘጋሁት።

## በአዴት በኩል

ተመልሼ ካርዷን አስወጣሁ። የወንድሟ ስልክ ተጽፏል። ስደውል የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም ትላለች፣ ያቺ የምናውቃት ሴትዮ። ታኅሣሥ እንዲህ አለፈ። ጥርም። መንገዱም ይዘጋል ይከፈታል። የካቲት ላይ ክፍት የሆነ ሳምንት ተገኘና በአዴት በኩል ወደ ሞጣ ተጓዝኩ። እውነቱን ለባለቤቴ ብቻ ነው የነገርኳት። ሥራ ቦታ ዘመድ ልጠይቅ ነው አልኩ። እንግዲህ ሌላ ውሸት።

ጤና ጣቢያው ውስጥ ካርዱን ሳሳይ አንዷ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ስሙን ሳታነብ ገባት። "ቀና ያለችዋን ነው?" አለችኝ። አገሩ እንዲህ ነው የሚጠራት። ቅጽል ስሟን እኔ እንዳወጣሁት አላወቀችም።

እናትየው በር ላይ ቆመው ጠበቁን። ሳልቀመጥ ቡና ተቆላ። እሷ ከጓዳ ወጣች፣ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነው እንጂ አፏ ላይ አይደለም። ልማድ ነውና ዐይኔ አንገቷ ላይ ሄደ። በስተቀኝ አንድ ገመድ የመሰለ ጠባሳ ተወጥሯል። ድጋፉ በሦስተኛው ወር ተበጣጥሶባት ጥላዋለች። ያን በትንሽ ቀዶ ሕክምና ማላላት ይቻላል። ቀጠሮ ሰጠኋት። ለዚህ አልነበረም የመጣሁት።

"አንገትሽ ከዳነ በኋላ ያ በሽታሽ ጥሎሽ ያውቃል?" አልኳት።

እናትየው ናቸው የመለሱት። "ልጄ፣ እሱ መቼ ይተዋታል! ግን እሳት ዳር አላደርሳትም። ምጣዱን እኔ ነኝ የምይዘው። እሷ ውኃ ብቻ ነው የምታመጣ።"

ውኃ ሲሉ ልቤ ዘለለ። ምንጭ ነው ወንዝ ነው፣ ጥልቅ ነው ብዬ አከታተልኩባቸው። ልጅቷ ሳቀች። "ቦኖ ነው፣ ዶክተር" አለችኝ።

ነጭ ኪኒን ከመቃጠሏ በፊት ተሰጥቷት ነበር። አንድ ወር ወሰደችው። አለቀ። የሚሰጣት ሰው ተቀየረ። ከዚያ ጠበል ጀመረች፤ አሁንም ትጠመቃለች። ሆስፒታል እኛ ጋ ሦስት ሳምንት ስትተኛ ስለ ኪኒኑ የጠየቃት ሰው ነበር? አልነበረም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይላል የአገሬ ሰው። እሷ አልደበቀችም። ወንድሟ ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ነግሮኛል። የደበቅኩት እኔ ነኝ፣ መጀመሪያ ካርድ ውስጥ፣ ኋላ አንድ መስመር ውስጥ።

ጠበሉን አትተዪ፣ ኪኒኑንም ጨምሪበት አልኳት። አብረን ጤና ጣቢያ ሄድን። የውስጥ ደዌ ሐኪም የሆነ ጓደኛዬን በስልክ ከጣቢያው ነርስ ጋር አገናኘሁት፤ ልኩን ተነጋገሩ። ፌኖባርቢታል ነበር። ነርሱ ጣሳውን እያንቀጫቀጨ "ዛሬ አለ" አለኝ። ዛሬ የሚለውን ጫን ብሎ። በድንገት ማቋረጥ ካለመጀመር ሊብስ እንደሚችል እሱም ያውቃል። ስልክ ተለዋወጥን። ሊያልቅ ሲል እንዲደውልልኝ ተስማማን። እስካሁን ሁለት ጊዜ ደውሏል። ሁለቴም ከባሕር ዳር በሚኒባስ ረዳት ላክሁ። ይህ አሠራር እንዳልሆነ አውቃለሁ። አሥር ሺህ ሰው በሚኒባስ ረዳት አይታከምም።

ስንመለስ መንገዱ ላይ ከወንድሟ ጋር ወደ ኋላ ቀረት አለች። ከዚያ ደረሰችብኝ።

"ያን ፎቶዬን አሳዩት?" አለችኝ።

"አሳየሁት።"

"ሁለቱንም?"

"ሁለቱንም።"

ዝም አለች። ቅር ያላት መስሎኝ ነበር። "ታዲያ ምን አሉ?"

አጨበጨቡ አልኳት። ፈገግ አለች። ከዚያ አንዲት ትልቅ ሴት ሐኪም ስላንቺ ጠይቀውኛል አልኳት፣ ከሩቅ አገር የመጡ። ቆመች። "ምን ብለው?"

"መጨረሻ የጣላት መቼ ነው ብለው።"

የምታፍር መስሎኝ መሬት አየሁ። እሷ ግን ጣቶቿን መቁጠር ጀመረች። አንዱን አጠፈች፣ ሌላውን አጠፈች፣ አንዱን መልሳ ዘረጋችው። ወንድሟን አየችው። እሱ ራሱን ነቀነቀ።

"በጥምቀት ማግስት" አለችኝ። "ሚካኤልን ሸኝተን ስንመለስ።"

ስልኬን አውጥቼ ጻፍኩት። ጽፌ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

"ሜዳ ላይ ነው ይበሏቸው" አለች። "እሳት አልነበረም።"